እማዬ እስክንድርያ ምን አየች?

ከግብጽ የተመለስን ሰሞን ቤታችን ሰው አይጠፋበትም ነበር። ጎረቤቱ፣ የማኅበር ሰው፣ ከፎገራ የመጣ ዘመድ ሁሉ "እንኳን ደህና ገባችሁ" እያለ ይገባል። ቡና ይፈላል። ከዚያ ያው የታወቀው ጥያቄ ይከተላል። "እህሳ፣ ምን አያችሁ?"

እኔ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ምሽጉ፣ ስለ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ላወራ ስዘጋጅ እናቴ ትቀድመኛለች። "እምቦጭ አየን" ትላለች። "እነሱም አለባቸው። ያውም ቦይ ሙሉ!"

ሰዉ ይስቃል። እኔን ግን መጀመሪያ አላሳቀኝም። ያ ሁሉ ገንዘብ ተጠራቅሞ፣ ያ ሁሉ የቪዛ ደጅ ጥናት አልፎ፣ ስንት ታሪክ ያለበት ከተማ ታይቶ፣ የሚወራው የቦይ ዳር አረም ነው? "ስለ ቅዱስ ማርቆስ ንገሪያቸው እንጂ" እላታለሁ። "እሱንም ተሳልሜያለሁ፣ ተመስገን" ትልና ወደ እምቦጩ ትመለሳለች። እንግዶቹም፣ በተለይ የፎገራዎቹ፣ መስማት የሚፈልጉት እሱኑ ነው። በምን ነው የሚያወጡት? በእጅ ነው? ከብታቸውስ ይበላዋል? ጥያቄው ማለቂያ የለውም። እኔ ያነሳሁትን የምሽጉን ፎቶ ግን ከአንድ ጣት በላይ ያንሸራተተው ሰው የለም።

ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ምናልባት ለብዙ ዓመታት እንጀራዬ ሰው ማስጎብኘት ስለነበር ይሆናል። ሰው ምን እንደሚያይ የምወስነው እኔ ነኝ ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ።

የጀልባው መንገድ

ጣና ላይ እንግዳ ይዞ የሚወጣ አስጎብኚ መንገዱ አንድ ነው። ጠዋት ከባሕር ዳር በጀልባ ተነስቶ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ዘጌ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም። ሥዕሉን ማስረዳት፣ በቡናው ጥላ መሃል መመለስ፣ ከመንገድ ዳር ሻጮቹ ጋር ዋጋ ማስማማት። ጊዜ ካለ ክብራን ገብርኤል፤ እዚያ ሴቶቹ አይገቡም፣ ጀልባው ጋ ቆይተው ያኮርፋሉ። ሲመለሱ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ጎራ ብሎ ጉማሬ ፍለጋ። በማግስቱ ጢስ አባይ። ፏፏቴው በበጋ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ተጠልፎ ሲቀጥን ያገኙትና "ፎቶው ላይ እኮ እንዲህ አልነበረም" ይሉኛል። እኔም ክረምት ላይ እንዲመጡ እመክራለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ነው።

ይህ መንገድ መጥፎ አይደለም። ያየ ሁሉ ደስ ብሎት ነው የሚሄደው። ግን ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ እንዲያውም ከዚያ የሚያልፍ ሐይቅ ነው። የቱሪስት ጀልባ የሚያውቀው ደቡባዊውን ጥግ ብቻ ነው።

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የተንሰራፋው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ነው፤ ደንቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። ስለዚህ እንግዶቼ ጣናን አይተው ሲሄዱ እምቦጭን አላዩም። አልፎ አልፎ ነፋስ ገፍቶ ያመጣት አንዲት ዘለላ ወደ ጀልባችን ስትጠጋ ግን ካሜራ ይወጣል። "ምን የመሰለ አበባ ነው!" ይባላል። አበባው እውነትም ያምራል። ሐምራዊ ነው፣ መሃሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእሱ የተባለ ይመስለኛል።

እናቴ የዚያ የማይታየው ወገን ሰው ናት። ዛሬ ባሕር ዳር እኛ ጋ ብትከርምም ልቧ ፎገራ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ሲመጣ የአገሩ ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ እምቦጭ ይነቅላል። ወጣቱ እየነቀለ ወደ ዳር ይገፋል፣ ሴቱና ሽማግሌው ተቀብሎ ይከምራል። እናቴ ዕድሜዋ ገፍቶም ከከማሪዎቹ ወገን አትጠፋም። ከዘመቻ ስትመለስ እግሯ አብጦ ታገኙታላችሁ። አልቅት የያዛት ጊዜም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ያው ውሃ ያው አረም ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ 15 እና 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል የሚባለውን ሳነብላት "ታዲያ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል በለኛ" ብላ ስቃ ነበር።

የጋሼ ሕግ

ታላቅ ወንድሜ ካይሮ ሥራ ከያዘ ቆይቷል። አረብኛውንም እንደ አገሬው ሆኗል። "እማዬ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ቅዱስ ማርቆስን ትሳለም፣ ልጆቹም እውነተኛ ባሕር ይዩ" ብሎ እሱ ነው የጠራን። ዕረፍቱ የሚወጣው ደግሞ ኅዳር ላይ ነው።

እናቴ መጀመሪያ አልሄድም አለች። የመንቀያ ሰሞን ነዋ! "አንቺ ባትኖሪ ጣና አይደርቅም" አላት ጋሼ በስልክ። "እሱማ አይደርቅም፣ ይሸፈናል እንጂ" አለችው። ያሳመናት የቅዱስ ማርቆስ ስም ነው። እስክንድርያን እናቴ ሳታያት ነው የምታውቃት። ስንክሳር ሲነበብ እየሰማች ያደገች ሴት አትናቴዎስና ቄርሎስ የየት ሰዎች እንደሆኑ መጠየቅ አያስፈልጋትም። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የላከልን አትናቴዎስ ነው። ከዚያ ወዲህ እኛ በ1951 ዓ.ም. የራሳችንን ፓትርያርክ እስክናገኝ ድረስ ጳጳስ ስንለምን የኖርነው ከዚያው መንበር ነው። እኔ ይህን ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት። እሷ እንደ ዘመድ አገር ነው የምታወራው።

ከካይሮ ወደ እስክንድርያ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ውስጥ ገና እንደተቀመጥን ጋሼ ሕግ አወጣ። "ስለ ግድቡ ማንም ሰው ትንፍሽ እንዳይል።" ግድቡ በጳጉሜ ተመርቆ ወሬው ገና ትኩስ ነበር። "ከየት ናችሁ ሲሉ ሐበሻ፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ ፈገግታ።"

"አባይ ማለትስ ይቻላል?" አለ ትንሹ ልጄ።

"አይቻልም።"

"ጣናስ?"

"ዝም በል አንተ!"

እናቴ በመስኮት እያየች "ከአገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ" አለች። ሕጉን መቀበሏ ይሁን መቃወሟ አልገባንም።

ከብት የማይጠጣው ውሃ

እስክንድርያ ስንደርስ መጀመሪያ ባሕሩ ዳር ወሰድናት። ኮርኒሹ፣ የባሕሩ ዳር መንገድ ማለት ነው፣ ከተማውን ተከትሎ ረጅም ርቀት ይሄዳል። አንድ ወገን ፎቅ ብቻ ነው፤ ሌላው ወገን ውሃ ብቻ። ኅዳር ስለነበር ማዕበሉ ግንቡን እየመታ መንገደኛው ላይ ይረጫል። ልጆቹ ጮኹ። ባለቤቴ ጫማዋን አወለቀች። እኔ እናቴን ነበር የማየው። የዚህን ቀን ፊቷን ፎቶ ለማንሳት ስልኬን አዘጋጅቻለሁ።

"ማዶው አይታይም፣ አየሽ?" አልኳት።

"የኛስ መቼ ይታያል?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ከባሕር ዳር ቆሞ ጎርጎራን ያየ ሰው የለም። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነክታ ቀመሰችውና ፊቷን ቋጠረች። ዳር ዳሩን ቃኘች። ደንገል የለም፣ ሣር የለም፣ ታንኳ የለም። "ይኼን ከብት አይጠጣውም" አለች። ከዚያ በኋላ ሜዲትራኒያንን ዞር ብላም አላየችው። ፎቶዋን አንስቻታለሁ፤ ነጠላዋን ከነፋስ ጋር ስትታገል የሚያሳይ ነው።

የቃይትባይ ምሽግ ያለው ወደ ባሕሩ በገባው ጫፍ ላይ ነው። ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 እ.ኤ.አ. ያሠራው ነው። ቦታው ግን ከዚያ በፊት ዝነኛው የመርከብ መብራት ቤት የቆመበት ነው፤ ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ የተባለው። እሱ በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎዳድቶ ፈረሰ፣ ምሽጉ በቦታው ተተካ። በር ላይ የውጭ ዜጋ የሚከፍለውና የአገሬው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ለየብቻ ተጽፎ ሳይ ሳቄ መጣ። ዘጌ ላይ ስንት ጊዜ ለዚህ ልዩነት ምክንያት ስደረድር ኖሬያለሁ! አሁን ተራዬ ደርሶ ከፈልኩ። ምክንያቱም ያን ያህል አሳማኝ አልመስል አለኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ ከሁሉም በላይ ለልጆቹ ሆነ። በ2002 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አዲሱ ሕንፃ ከሩቅ ሲታይ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ትልቅ ክብ ነው። የውጭ ግድግዳው ከአስዋን የመጣ ግራጫ ድንጋይ ሲሆን የዓለም ፊደላት ተቀርጸውበታል። ልጆቹ የኛን ፊደል ፍለጋ ግድግዳውን ተከትለው ሮጡ። ትልቋ አንዱን ቅርጽ ይዛ "ይኸው አገኘሁት!" ብላ ጮኸች። ትንሹ የሌላ አገር ነው ብሎ ድርቅ አለ። ክርክሩ ካይሮ እስክንገባ ቀጠለ። እናቴ እዚያ ሁሉ ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሰው ታይ ነበር።

ሁሉም ነገር የተለወጠው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ነው። የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል መግቢያ ላይ ፍተሻው ጥብቅ ነው። በ2009 ዓ.ም. የሆሳዕና ዕለት በሩ ላይ ፍንዳታ ደርሶ ብዙ ሰው አልቋል። ሴቶቹ ፈታሾች የእናቴን ነጠላ አይተው ገና "ሐበሻ?" ብለው ፊታቸው በራ። ውስጥ ገብታ የት እንደምትሄድ ማንም አልነገራትም። ተሳለመች፣ ሰገደች፣ ጥግ ይዛ ቆመች። አጠገቧ የነበረች አሮጊት እጇን ይዛ አንድ ነገር አለቻት፣ እሷም በአማርኛ መለሰችላት። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም አያውቁም። ብዙ ቆዩ።

ነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። የነሱም የገና ጾም በዚያው ሰሞን ነው የሚገባው፤ ወራቸውም እንደኛው ነው የሚቆጠረው። ከቤተ ክርስቲያኑ የተዋወቅነው ሰው ምሳ ይዞን ሄዶ ለራሱ የተጠበሰ አሳ ሲያዝ እናቴ ደነገጠች። እነሱ በዚህ ጾም ከረቡዕና ዓርብ በቀር አሳ ይበላሉ። ጋሼ አስረዳት። እሷ ሽንብራውንና ፉሉን እየበላች የሰውየውን ሳህን በዓይኗ ስትከተል ቆየችና "አይ፣ እሱ ይብላ፣ አባቶቹ ፈቅደውለት ይሆናል" ብላ ነገሩን ዘጋችው። ጣና ዳር ያደገ ሰው አሳ ፊቱ ቀርቦ መተው ቀላል እንዳይመስላችሁ!

ውሃ በየሄድንበት በላስቲክ ነበር የምንገዛው። የእስክንድርያ ቧንቧ ውሃ ከአባይ በቦይ ተስቦ የሚመጣ መሆኑን ጋሼ ሲነግረን ልጆቹ አላመኑም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼኔ ነው። ከምንጩ መጥተን፣ ከመጨረሻው ላይ ቆመን፣ በላስቲክ።

አቁም

በመጨረሻ ወደ ራሺድ ለመሄድ ተነሳን። ሐሳቡ የኔ ነው። የአባይ አንዱ ክንድ ባሕር የሚገባው እዚያ ነው። ከእስክንድርያ በስተምሥራቅ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በ1799 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ወታደሮች ያን በሦስት ዓይነት ጽሑፍ የተቀረጸ ዝነኛ ድንጋይ ያገኙትም እዚያው ነው። እኔ ግን የታየኝ ሌላ ነው። እናቴ አባይ ከጣና ሲወጣ ዕድሜዋን ሙሉ አይታለች። ባሕር ሲገባ ደግሞ ታየዋለች። የአስጎብኚ አእምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። ፎቶው ምን እንደሚመስል ሁሉ በሐሳቤ ስዬዋለሁ። ምን እንደምትልም ሳልገምት አልቀረሁም።

መንገዱ በእርሻና በቴምር ዛፍ መሃል ነው የሚያልፈው። የመስኖ ቦዮች ከመንገዱ ጋር አብረው ይሄዳሉ። እናቴ ከኋላ ወንበር መስኮቱ ጋ ነበረች። ድንገት የጋሼን ትከሻ ጠፍጠፍ አደረገችው።

"አቁም።"

"ምን ሆንሽ? አመመሽ?"

"አቁም እኮ ነው የምልህ!"

እኔ ሰዓቴን አየሁ። እንዳይመሽብን ፈርቼ ነበር። ጋሼ ዳር ይዞ አቆመ። በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች። እኛም ተከተልናት። ቦዩ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ውሃ የሚባል ነገር አይታይም። እዚህም እዚያም ሐምራዊው አበባ።

"እምቦጭ" አለች። ጮክ ብላ አይደለም። የሚያውቁትን ሰው ገበያ መሃል ሲያገኙ እንደሚባለው ነው።

ትንሽ ወረድ ብሎ ጀለቢያውን ወገቡ ላይ የሰበሰበ ሰው ዳገቱ ላይ ቆሞ ይሠራል። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጥርስ ያለው ብረት አለ። ይወረውረዋል፣ ይስባል፣ አንድ ክምር አረም ሥሩን እያንጠባጠበ ይወጣል። ከኋላው የደረቀ ክምር ተደርድሯል። እናቴ ወደ እሱ ሄደች። ጋሼ እየሮጠ ደረሰባት። ሰውየው ቀና ብሎ አየንና ሰላም አለ። ከዚያ ያው የሚጠበቀው ጥያቄ መጣ። ከየት ናችሁ?

"ሐበሻ" አለ ጋሼ። ፈገግታውንም ጨመረበት።

እናቴ እጇን ወደ ቦዩ ዘርግታ "እኛም አለብን በለው" አለች።

ጋሼ ተረጎመ። ሰውየው የት እንደሆነ ጠየቀ። ጋሼ አንድ ሐይቅ ላይ አለ።

"አንድ ሐይቅ ምንድነው? ጣና በለው እንጂ! ይኼ ውሃ የሚመጣበት በለው" አለች እናቴ።

ጋሼ እኔን አየኝ። እኔ ምን ላድርግ? ባለቤቴ የልጆቹን እጅ ያዘች። አሁን ሳስበው ያስቃል፤ አንድ ገበሬ፣ አንዲት አሮጊት፣ አንድ ቦይ አረም፣ እኛ ደግሞ ኤምባሲ ፊት የቆምን ይመስል ተጨንቀናል። ለነገሩ ጋሼም ያለ ምክንያት አልፈራም። እዚያ የሚኖረው እሱ ነው። በየታክሲው፣ በየሱቁ ያንን ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው። ዝም ማለት ስንት ጊዜ እንዳዳነው እኛ አናውቅም።

እናቴ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። ተረጎመ።

ሰውየው እንጨቱን መሬት ላይ ተከለ። እኛን አየ፣ ቦዩን አየ። ከዚያ ፊቱ ሳይፈታ አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አለ?" አለች እናቴ።

"ታዲያ ይኼን የላካችሁብን እናንተ ናችሁ፣ ነው የሚለው" አለ ጋሼ።

እናቴ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። "እኛ መች ይኼን የሚልክ አንጀት አለን! እናንተ ናችሁ ያመጣችሁብን በለው።" ይህ ሲተረጎምለት ሰውየውም ሳቀ። ጥርሱ ግማሹ የለም። ጋሼ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት።

ማን ማን ላይ እንዳመጣው በኋላ አነበብኩ። እምቦጭ የሁለታችንም አይደለም። የደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን አገር ተክል ነው። ግብጽ የገባው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ለአበባው ውበት ተብሎ ነው። እኛ ጋ ጣና ላይ ከታየ ገና አሥራ ምናምን ዓመቱ ነው። ስለዚህ ክርክሩን እናቴ አሸንፋለች ማለት ይቻላል፣ ባይሆን በዕድሜ። ግን እዚያ ቦይ ዳር ማንም ይህን አላወቀም፤ ማንም ማወቅ አላስፈለገውም። ስለ አባይ ሰምተን በማናውቀው መንገድ ነበር የሚያወሩት። ድርሻ ስንት ነው አልተባለም፣ መብት የማን ነው አልተባለም። ከብት ይበላዋል? ጎሽ ይበላዋል፣ አለ እሱ። የኛ ላሞች በልተውት ሆዳቸውን ነፋቸው፣ አለች እሷ። ስትከምሩት ዘሩ ተመልሶ አይገባም? ይገባል፣ ምን ይደረግ። መንግሥት አያግዛችሁም? ሁለቱም ለዚህ ጥያቄ እጃቸውን አወናጨፉ። ትርጉም አላስፈለገም።

ከዚያ እንጨቱን ተቀበለችው። "ያ ሐጋ፣ ያ ሐጋ!" እያለ ሊከለክላት ሞከረ፤ ለትልቅ ሴት የሚሉት ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። የመጀመሪያው ውርወራ ሳተ። ሁለተኛው ያዘ። ሰውየው ከኋላ እንጨቱን ይዞ አገዛት፣ አንድ ትልቅ ዘለላ ዳገቱ ላይ ወጣ። እናቴ ሥሩን ገልብጣ አየች። የኛው ነው አለች። ምን እንደጠበቀች አላውቅም።

ፎቶ ማንሳት ትዝ ያለኝ ስንሄድ ነው። ያለኝ ምስል የእንጨቱ ጫፍ ብቻ ነው፤ እሱንም እሷ ናት "ይቺን ብረት አንሳልኝ" ብላ ያስነሳችኝ።

ያላለቀው ጣጣ

ራሺድ ስንደርስ መሽቶብን ነበር። የአባይን አፍ ጭልጭል ባለ ብርሃን ሮጠን አየነው። ሰፊ ነው፣ የማዕበል መከላከያ ድንጋይ ተደርድሮበታል። የአስዋን ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ካለቀ ወዲህ ከኛ ተራራ ይመጣ የነበረው ደለል እዚያው ስለሚቀር ባሕሩ መሬቱን ይበላዋል፤ ድንጋዩም ለዚያ ነው። ይህን ሁሉ ለእናቴ አብራራሁ። የአስጎብኚ ድምፄን አውጥቼ። "እህ" አለችኝ። ድካሙ ጸንቶባት ነበር። ያ በሐሳቤ የሳልኩት ፎቶ አልተነሳም።

ያንን ጉዞ ያቀደው አስጎብኚ እኔ ብሆን፣ ለነገሩ እኔው ነበርኩ፣ ቦዩ ዳር የሚያቆም ፕሮግራም አይኖርም። ቦይ ማን ያሳያል? በየዓመቱ ወደ ጣና የሚመጣውም ሰው ያለፈው እንዲሁ ነው። ዘጌ ላይ ስለ ሥዕሉ ቀለም ስናገር፣ ሐይቁን ተሻግሮ ሰው ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበር። ውሸት አልተናገርኩም። ጀልባው ወደዚያ አይሄድም፣ ነዳጁ ውድ ነው፣ እንግዳው ያለው ግማሽ ቀን ነው። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ዛሬም አይሄድም። በቅርቡ ለአንድ የጀልባ ባለቤት ወዳጄ በፎገራ በኩል ቢሞከርስ ብለው ዋጋውን ነግሮኝ ሳቀ። "ደግሞስ አረም ለማየት ማን ይከፍላል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የማውቀው ከፍሎ ያየ ሰው ቢኖር እኛ ነን፣ እኛም የከፈልነው ለሌላ ነበር።

እናቴ በበኩሏ ሥራ ይዛለች። የዚያን ብረት ፎቶ ወረታ ብየዳ ቤት ወስዳ አሠራችው። በሚቀጥለው ዘመቻ ይዛው ትወርዳለች። ልምምዱ ላይ ግን ችግር ተገኘ። የቦዩ ዳር ገደል ነው፣ ሰውየው ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ይወረውራል። የፎገራ ዳር ግን ለጥ ያለ ረግረግ ነው፤ አረሙ ጋ ለመድረስ መግባት ግድ ነው። ከገቡ ደግሞ እንጨቱ ጭቃ ላይ ይተከላል። ታንኳ ላይ ሆነው ሲሞክሩት ታንኳው ወደ አረሙ ይሳባል እንጂ አረሙ ወደ ታንኳው አይመጣም። ጎረቤቶቿ ሳቁባት። እሷ ግን ብረቱ አይደለም አጠቃቀሙ ነው ባይ ናት።

በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እምቦጭን ያዳከሙት ቅጠሉን የሚበሉ ትንንሽ ጥንዚዛዎች መሆናቸውን ነገርኳት። ግብጾቹም በ2000 እ.ኤ.አ. እዚያው መንገዳችን ላይ ባለው የእድኩ ሐይቅ ለቅቀዋቸው ነበር። አዳመጠችኝና ጥንዚዛዎቹ አረሙን ሲጨርሱ ወደ ሩዙ እንደማይዞሩ ምን ዋስትና አለህ አለችኝ። እሱን ብቻ ነው የሚበሉት አልኳት። "አንተን ማን ነገረህ?" ፎገራ ላይ የሩዝ ነገር ቀልድ አይደለም።

ጋሼ እሁድ እሁድ ይደውላል። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ምንዛሬ ይወራል። በመጨረሻ ስልኩ ወደ እሷ ሲሄድ ወሬው አንድ ነው። ሰውየው ውሃው ዝቅ ባለበት፣ ዳሩ ለጥ ባለበት ቦታ እንዴት እንደሚያደርግ ጠይቅልኝ ትለዋለች።

"እማዬ፣ እኔ ካይሮ ነኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም። የት አገኘዋለሁ?"

"ቦዩ የት ይሄዳል?" ትለዋለች።